ማመልከቻው ያልጠየቀው

አባቴ የመንግሥት ደን ጠባቂ ነበር። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሃያ አራት ዓመት ጠብቋል። ካኪ ካፖርቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ላየው ሰው ዛፉን ሁሉ በገዛ እጁ የተከለ ይመስላል። ሥራው ጭራሮ የሚሰብሩና ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶችን እየያዘ ማስረከብ ነበር። እኔ እስከማውቀው ግን አንዲት ሴት እንኳን ይዞ አያውቅም። ወዳሉበት ሲቃረብ ጮክ ብሎ መዝፈን ይጀምራል፤ እነሱ ሰምተው ይሸሸጋሉ፤ እሱም ያልፋል። አለቆቹ ሲጠይቁት «ዛሬም ማንንም አላየሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ድምፁ ደግሞ ለዘፈን የተፈጠረ አልነበረም። እናቴ «አንተ ስትዘፍን ዛፎቹም ቢሸሹ አይፈረድባቸውም» ትለው ነበር።

እኔ ሕግ ተማርኩ። ደን ጠባቂ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ማስገባቱ በሰፈራችን ትልቅ ወሬ ነበር፤ አባቴም ወሬው እንዳይበርድ የሚችለውን ሁሉ ያደርግ ነበር። ትምህርቴን ስጨርስ ደርግ ሥልጣን ይዟል። አብረውኝ ከተማሩት ከፊሉ ታሰሩ፣ ከፊሉ ተገደሉ፣ ከፊሉ እስከ ዛሬ የት እንደገቡ አላውቅም። እኔ የተመደብኩት የሠራተኞች የጡረታና የጉዳት ካሳ ጉዳይ በሚታይበት ክፍል፣ በነገረ ፈጅነት ነበር። ጓደኞቼ «የሽማግሌ ጠበቃ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ ባይጥመኝም ከዚያ ዘመን ያተረፈኝ ያ የሽማግሌ ወረቀት ይመስለኛል። በጡረታ ሕግ ሰው አይሞትም ብዬ አስብ ነበር።

ሥራውን ወደድኩት፤ ይህን መካድ አልችልም። እጁ በማሽን የተቆረጠበት ሠራተኛ፣ ባሏ ሥራ ላይ ወድቆ የሞተባት ሴት፣ ሁሉም በእኛ ጠረጴዛ በኩል ያልፋሉ። የክፍላችን ኃላፊ፣ በንጉሡ ጊዜም እዚያው ወንበር ላይ የነበሩ ጠንቃቃ ሰው፣ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አስተማሩኝ። «ማመልከቻው የጠየቀውን ብቻ መልስ» አሉኝ። «ያልጠየቀህን ከነገርከው፣ ነገ ይህ ሰው ምንህ ነው ተብለህ ትጠየቃለህ።» እኔም በወረቀት ላይ እንዳሉት አደርግ ነበር። ግን ሰውዬው ጉዳዩን በተሳሳተ መንገድ ይዞ እንደሆነ፣ የምሸኘው መስዬ እስከ ደረጃው ድረስ እከተለውና በጆሮው «በዚህ በኩል ሳይሆን በዚያ በኩል ያመልክቱ» እለው ነበር። ስንቱን እንዲህ እንደሸኘሁ አላስታውስም። አንዳቸውንም ቀድሞ አላውቃቸውም ነበር።

የሥራችን ትልቁ ራስ ምታት ዕድሜ ነበር። ጡረታ በሃምሳ አምስት ነው፤ ሃምሳ አምስት መቼ እንደሚሞላው በትክክል የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው። አንዱ በአንበጣው ዘመን ይቆጥራል፣ ሌላው በወንድሙ ሠርግ፣ ሌላው ጣሊያን ሲገባ በነበረው ቁመት። ብዙው ሠራተኛ ሲቀጠር ዕድሜውን ይቀንሳል፤ ያረጀ የሚቀጥር የለማ! ዓመታት አልፈው ጉልበቱ ሲከዳው ደግሞ የቀነስኳትን መልሱልኝ ብሎ ሽማግሌ ምስክር ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ይምላሉ፣ እኛ እንጽፋለን፣ ሰውዬው ያርፋል። እንዲህ ነበር የሚሠራው።

አባቴም ቀንሷል። ይህ በቤታችን የታወቀ ቀልድ ነበር። እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው ደን ጠባቂ ይፈለጋል ሲባል የሄደው። ጸሐፊው «ከሠላሳ በላይ አንቀጥርም፤ ዕድሜህ ስንት ነው?» አለው። አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ «ሃያ ስምንት» አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና «ፊትህ ቀድሞሃል እኮ» አለው። አባቴም «ችግር እያባረረው ነው ጌታዬ» አለ። ጸሐፊው ስቆ ሃያ ስምንት ብሎ ጻፈ። ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አስደግሜዋለሁ፤ ሁልጊዜም እኩል ያስቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። መዝገብ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በሠራተኛ ፋይል ላይ ያለውን ዕድሜ በምላጭ እየፋቁ ይለውጣሉ፣ ይህም በአብዮቱ ላይ የተሠራ አሻጥር ነው ተባለ። መፋቁ እውነት ነበር፤ እኔ ራሴ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥቼ ሳየው ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ አግኝቻለሁ። መርማሪ ቡድን ተቋቋመ። አንድ ካድሬ ከውጭ መጣ፤ ሕግ የሚያውቅ ያስፈልጋል ተብሎ እኔ ተጨመርኩ። ካድሬው ጠረጴዛውን ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስደረገና ፋይል በፋይል መገልበጥ ጀመርን። የተቀየረ ዕድሜ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው የፈራሚውንና የባለ ጉዳዩን ዝምድና ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይላል እየሳቀ። ሳቁ ግን ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ከቢሮ ወስዶ አሳስሯል። አንደኛው ያደረገው ለአጎቱ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነበር።

ምርመራው ሳያልቅ ጊዜያዊ መመሪያ ጻፍ ተባልኩ። ጻፍኩ። «በቅጥር ጊዜ መጀመሪያ የተሞላው ዕድሜ የመጨረሻ ነው። የሽማግሌ ምስክርነትም ሆነ ሌላ ማስረጃ አይሰማም።» አጭርና ቁርጥ ያለ፣ ቀዳዳ የሌለው። በሳምንታዊው የውይይት ክበብ ላይ ካድሬው አነበበው፤ ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ። እነዚያን ሁለት መስመሮች ስጽፍ አባቴ ትዝ አላለኝም ብል ማን ያምነኛል? ግን ትዝ አላለኝም። የቤት ቀልድ ነበራ፤ የቤት ቀልድ ቢሮ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።

አባቴ በዚያ ዓመት ደረቱን ያመው ጀምሯል። እኔ ለቢሮ እንዲቀርበኝ አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ የምሄደው እሑድ እሑድ ነበር። አንድ እሑድ ከቤታችን በላይ ወዳለው ዳገት አብረን ስንወጣ ሦስት ጊዜ ቆመ። ሲቆም ደክሞኛል አይልም፤ ዛፍ የሚመረምር ይመስላል። በሦስተኛው ላይ ግን ከዘራውን ተደግፎ «ኢልማ ኮ» አለኝ። የተወለደው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ በኩል ነው፤ ሲወደኝም ሲቆጣኝም ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ልጄ ማለቱ ነው። «እኔ መቼ ነው የማርፈው?»

«ሦስት ዓመት ቀርቶሃል» አልኩት።

«ለወረቀቱ ነው ሦስት ዓመት የቀረው። እኔማ ካለፍኩት ሰባት ዓመቴ።»

ስለ መመሪያው ነገርኩት። እኔ እንደጻፍኩት ግን አልነገርኩትም፤ «ወጥቷል» ነው ያልኩት፣ ከመሬት እንደበቀለ ነገር። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም ስለ አንድ የተሰነጠቀ ግንድ ማውራት ጀመረ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት የቢሮአችን በር ተንኳኳና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። መካከለኛው አባቴ ነበር። ለክት ያስቀመጣትን ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን አስጠርጓል። በአንድ በኩል የእድራችን ዳኛ፣ በሌላው በኩል ሙስሊሙ ጎረቤታችን ቆመዋል፤ እኚህ ጎረቤት እኔን ከረሜላ እያጎረሱ ያሳደጉኝ ባለ ሱቅ ናቸው። መምጣታቸውን ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደነበር ልናገር፤ ንዴት ነበር። ሰው ልጁን በሥራው ቦታ እንዲህ ያጋልጠዋል?

አባቴ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ካድሬውን አየ። ነገሩ ሁሉ ገባው። ባርኔጣውን አወለቀና እጅ ነሣኝ።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ» አለኝ። «አቤቱታ ይዤ ነው። እርስዎ ቢያዩልኝ ብዬ።»

«ይቀመጡ» አልኩት። «ስምዎን ማን ልበል?»

የገዛ አባቴን ስም፣ በየቀኑ ከስሜ ቀጥሎ የምፈርመውን፣ ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ ጻፍኩ። በየሰፈሩ ሞልቶ የሚገኝ ስም ነውና ካድሬው ቀና አላለም። አባቴ ጉዳዩን እንደማንኛውም ባለ ጉዳይ በትሕትና አስረዳ። የተመዘገበው ዕድሜ ስሕተት መሆኑን፣ ጣሊያን ሲገባ ጢም ያወጣ ጎረምሳ እንደነበረ፣ ምስክሮቹም ይህንኑ እንደሚያውቁ ተናገረ። በየመሐሉ ያስላል፤ ባስለ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቀኛል።

ባለ ሱቁ ጎረቤታችን አላስቻላቸውም። «ልጄ…» አሉና አባቴ ዞር ብሎ ሲያያቸው «ጌታዬ» ብለው አረሙት። «እኔ ከእሱ አምስት ዓመት አንሳለሁ። እስኪ አፌ ውስጥ ስንት ጥርስ እንደቀረ ይቁጠሩና ይፍረዱ።» አፋቸውን ከፈቱ። ካድሬው ሳቀ። እኔ መመሪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሁለቱንም መስመር።

የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። «እንዲህ ያለውን ሕግ የጻፈው ማነው? አባት የለውም?»

«ተዋቸው» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። «እሳቸው የተጻፈውን ነው የሚያነቡት።»

የውሳኔ ወረቀቱን ጻፍኩ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ተነሥቼ አልሸኘሁትም። ሳሉ በኮሪደሩ፣ ከዚያም በደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ እየሰማሁ፣ የሚቀጥለውን ፋይል ሳብኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ስለከበደኝ ነው። ሌላ መንገድ ነበር። ሠራተኛ በጠና ከታመመ፣ የሐኪሞች ቦርድ አይቶት መሥራት አይችልም ብሎ ከጻፈለት፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን ስንት ጡረታ ይወጣል። ይህን ሕግ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነበር የማውቀው። አባቴ አገልግሎቱ ከበቂ በላይ ነው፤ ደረቱን ሰምቶ መሥራት ይችላል የሚል ሐኪም አይገኝም። ፊቴ ተቀምጦ የነበረው ሌላ ደን ጠባቂ ቢሆን ኖሮ ደረጃው ድረስ ተከትዬው በጆሮው እነግረው ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ቤቱ ይገባ ነበር።

አባቴ ግን የጠየቀው ስለ ዕድሜ ነው። እኔም ስለ ዕድሜ መለስኩለት።

በሚቀጥለው እሑድ ቤት ሄጄም አልነገርኩትም። ይህን ነው ለራሴ ማስረዳት የማልችለው። ቢሮ ውስጥ ካድሬው ነበረ እንበል፤ እናቴ ጓዳ ውስጥ ካድሬ አልነበረም። ያን ጊዜ ለራሴ የምለው ይህ ነበር፦ የሕመም ማመልከቻው በእኛው ክፍል ነው የሚያልፈው፤ ከቀናት በፊት በዕድሜ የተመለሰ ሰው አሁን በሕመም ቢመጣ ካድሬው ይነቃል፤ ስሙን ከስሜ ጋር ያያይዛል፤ እኔም እንደ ባልደረቦቼ እወሰዳለሁ። ምርመራው ይለቅ፣ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ። ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም። ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላም ነገር ነበር፤ ሽማግሌ አስከትሎ ቢሮዬ ስለመጣ ተቀይሜው ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ የነሣኝን ሰው እኔ ተቀይሜው ነበር። ያን እሑድ ምሳ አብረን በላን፤ ስለ ማክሰኞ አንዳችን አንድ ቃል አላወጣንም። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝና «በርታ፣ ኢልማ ኮ» አለኝ።

ምርመራው ተጓተተ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ ክረምቱ ከበደ። አባቴ ዳገቱን በዝናብ መውጣቱን ቀጠለ። እናቴ «ዛሬስ ቅር» ትለዋለች፤ እሱ «ሦስት ዓመት ምን አላት፣ እንደ ዋዛ ታልፋለች» ይላታል። አይዘፍንም ነበር፤ ትንፋሽ አጥቷል። በኋላ እንደሰማሁት በዘፈኑ ፋንታ ከዘራውን በዛፍ ግንድ ላይ ያንኳኳ ነበር፤ ሴቶቹም ይህንኑ ለምደውት ነበር።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ ሰሙና ተሸሸጉ። ቢጠብቁ አያልፍም። ቢጠብቁ አሁንም አያልፍም። ከመካከላቸው አንዷ ብቅ ብላ ስታይ ዛፉን ተደግፎ ተቀምጧል። ቀና አድርገው ሊያናግሩት ሞከሩ፤ አልሆነም። አራት ሴቶች የጭራሮ ሸክማቸውን እዚያው ጥለው፣ በገመዳቸው ሁለት እንጨት አስረው፣ አባቴን ያን ሁሉ ጭቃ ቁልቁል ተሸክመው አወረዱት። የካ ሚካኤል አጠገብ ሲደርሱ ሰው አገኛቸውና ተቀበላቸው። እኔ ስደርስ ሴቶቹ በራችን ላይ እግራቸው እስከ ጉልበት ቀይ ጭቃ ሆኖ ቆመው ያለቅሳሉ። «የማን ናችሁ ብሎን አያውቅም» ትላለች አንዷ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ግን አታውቅም ነበር። ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ የልጅ ሐዘን ነው ብለው አጽናኑኝ።

ቢሮ ስመለስ ካድሬው ራሱ «ጓድ፣ አብሽር» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። አባቴ ያ በመጋቢት መጥቶ የነበረው ሳሉ የበረታ ሽማግሌ መሆኑን እስከ መጨረሻው አላወቀም። ምርመራውም በመስከረም ተቋጨ፤ የእኔ መመሪያ ተሻረና ሽማግሌዎች እንደገና መመስከር ጀመሩ። በዚያ ወር ብቻ ስንት ሰው ዕድሜው ተስተካክሎለት በእጄ ፈርሜ አሰናበትኩ።

የእናቴን የተተኪ ጡረታ ማመልከቻ ይዤ ቤት የሄድኩት ከአርባው በኋላ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ በጣት አሻራዋ ነበር የምትፈርመው። ደጅ ፀሐይ ላይ ዱካ ተስቦላት ተቀምጣለች፤ ጥቁር ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጌ የት የት ላይ እንደምትፈርም ሳሳያት እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልቤ ውስጥ ሲመላለስ ነው የቆየው።»

«ጠይቂኝ እማዬ።»

«ያን ዕለት እናንተ ዘንድ መጥተው ሲወጡ፣ ከበራችሁ ማዶ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ አለ አሉ። አባትህን ሲያስል ሰምቶ ጠራው። ‹አባት፣ የዕድሜውን ነገር ይተውት። ሐኪም አይቶዎት በሕመም ያርፋሉ፤ እንዲህ የሚል ሕግ አለ። በነጻ ልጻፍልዎት› አለው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹የዚህ ሕግ ዐዋቂ የገዛ ልጄ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ ሳይነግረኝ ያድራል?› ብሎት ሄደ። እነዚያ ሁለቱ እንሞክረው እንጂ ቢሉት እምቢ አለ። ቤት ገብቶ ሲነግረኝም እየሳቀ ነበር፤ ‹ከተማው በአታላይ ተሞልቷል› እያለ።» ዓይኖቿን አነሣችና አየችኝ። «ያ ሰውዬ ዋሽቶ ነው አይደል?»

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። በየቀኑ ጠዋት ሰላምታ እንለዋወጣለን። ከብዙዎቹ ባልደረቦቼ ይልቅ ሕግ የሚያውቅ ምስኪን ነው።

«ዋሽቶ ነው» አልኳት።

«እኔም ብዬ ነበር» አለችኝ እናቴ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ። አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ፤ ቀለም ቀባሁትና ወረቀቱ ላይ ጫንኩት።